የ1969 ቮልሴ ላይ የኢንጀክሽን ኮምፒውተር ልግጠም ወይስ ካርቡራተሯን ልተውላት?

ናቲ_ባክኤንድ | አዲስ አበባ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሰርቨር ላይ የሚሮጥ ኮድ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ቱታዬን ለብሼ ከቮልሴ ኋላ እንበረከካለሁ። መኪናዋ የ1969 ሞዴል ቢትል ናት (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሞተሯ 1500 ነው፣ ባለ 12 ቮልት። አጎቴ ለብዙ ዓመት ነድቷት ለእኔ ያስረከበኝ ናት። ላሜራዋ ጤነኛ ነው፤ ቁልፍ እንዳዞሩ ትነሳለች።

ኮምፒውተርና ክላሲክ መኪና ምን ያገናኛቸዋል ለሚለኝ ሰው የማሳየው የሽቦ ሥዕሏን ነው። እያንዳንዱ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ቁጥር አለው። 30 ሁልጊዜ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣ ነው። 15 ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ነው። 31 ግራውንድ ነው። 50 ሞተሪኖውን የሚቀሰቅሰው ነው። ኮይሉን (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ጥቅልል) ብታዩት 1 እና 15 ተጽፎበታል፤ ከመሃሉ ተነስቶ ብልጭታውን ለየካንዴላው ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው ወፍራም ሽቦ ደግሞ 4 ነው። ይህ ዲአይኤን 72552 የሚባል የጀርመን ስታንዳርድ ነው። መርሴዲስም፣ ኦፔልም፣ ቢኤምደብሊውም ላይ ያው ነው። እኔ ሳልወለድ ሽቦውን ያሰረ ሰው ምን አስቦ እንዳሰረው ያለ አስረጂ አነባለሁ። ከእኔ በፊት የነበረ ፕሮግራመር ትቶልኝ የሄደውን ኮድ እንዲህ ባነበው ምንኛ ደስ ባለኝ!

እኔም በዚያው መንፈስ የመኪናዋን ታሪክ ጊት (ፕሮግራመሮች የኮድ ለውጥ የሚመዘግቡበት መሣሪያ) ላይ ነው የምይዘው። ቫልቭ ሲስተካከል አንድ ኮሚት (አንድ መዝገብ)፣ ዘይት ሲቀየር አንድ ኮሚት። የቫልቩ ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር መደረጉ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ መለካቱ፣ ያኔ ቆጣሪው ስንት ላይ እንደነበር፣ ሁሉም ተጽፏል። አንድ ቀን መኪናዋን የሚረከበኝ ሰው ታሪኳን ሙሉ ያገኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ይዘው ይወጣሉ። ነዳጅ ትበላለች። ዳገት ላይ ትታፈናለች። ስፒዱዊኖ የሚባል ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሞተር መቆጣጠሪያ አለ፤ አርዱዊኖ ሜጋ በምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ይሠራል። ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጭ ዕቃ)፣ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕና የግፊት ሴንሰር ገጥሜ፣ ነዳጅና አየር በሚያቀላቅለው ካርቡራተር ፈንታ ነዳጁንም ብልጭታውንም በኮድ ልቆጣጠር እያሰብኩ ነው። ኮዱ አይከብደኝም። የማስበው ለመኪናዋ ነው። ሠርታችሁ ያያችሁት፣ "አትንካት" የምትሉም፣ ምክንያታችሁን ጻፉልኝ።

ሳምሪ_ሰርኪት | አዲስ አበባ

ናቲ፣ እንጀራዬ ኤምቤድድ (ዕቃ ውስጥ ለሚገቡ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ኮድ መጻፍ) ስለሆነ ከኮዱ ልጀምር። "አይከብደኝም" ያልከው ላይ ቆም በል። ሰርቨር ላይ ያለ ኮድና ሞተር ላይ ያለ ኮድ ፀባያቸው ለየቅል ነው።

ሞተርህ በደቂቃ 3000 ሲዞር አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ለ360 ስታካፍለው አንድ ዲግሪ 55 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። አርዱዊኖ ሜጋ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ምት ነው ያለው፤ ስለዚህ በአንድ ዲግሪ ውስጥ የምትጠቀምበት 900 የማይሞላ ምት ነው። ራሙ 8 ኪሎባይት ብቻ ነው። ሰርቨርህ ለ2 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይልም። እዚህ ግን 2 ሚሊሰከንድ 36 ዲግሪ ነው። ብልጭታው ያን ያህል ቀድሞ ከመጣ ፒስተን ይበሳል።

ኮዱ ሞተሩ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ጥርስ በመቁጠር ነው። የክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ፑሊ ላይ ጥርሳም ክብ ብረት ይታሰራል። ቦታው የ36 ጥርስ ነው፤ አንዱ ግን ሆን ተብሎ ይጎድላል። ጥርስ ባለፈ ቁጥር ሴንሰሩ ምልክት ይልካል። ኮዱ በሁለት ምልክቶች መካከል ያለውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው ከቀደመው በአንድ ተኩል እጥፍ ከበለጠ "የጎደለው ጥርስ እዚህ ጋ ነው" ይልና ከዚያ መቁጠር ይጀምራል። እኔ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። በጥቂት መስመር ኮድ አንድ ትልቅ ብረት የት እንዳለ ታውቃለህ።

የሚያስቸግረው ሞተሩ ሲነሳ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ፒስተን አየር በሚጨምቅበት ቅጽበት ክራንኩ ይዘገያል። ባትሪ ከደከመ ይብሳል። ኮዱ ያንን ዝግታ የጎደለ ጥርስ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ከዜሮ ለመጻፍ አትነሳ፤ ስፒዱዊኖን አንብብ። ብዙ ሰው ብዙ ሞተር ላይ የፈተነው ኮድ ነው።

ከእኔ ወገን መልሱ "ይቻላል" ነው። የብረቱን ነገር ጋሽ ካንዴላ ይንገሩን።

ካንዴላ_ጋራዥ | አዲስ አበባ

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ። ቮልስ ስፈታና ስገጥም ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ናቲ ልጄ፣ ካርቡራተሩ ላይ ከመፍረድህ በፊት ከተማህን አስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ቢሆን ነው። ካርቡራተር ግን ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ትርፉ ነዳጅ ሳይቃጠል ይቀርና ካንዴላህን ያጠቁረዋል።

መፍትሔው ዋናው ጄት፣ ማለትም ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን ናት። ላዩ ላይ 125 የሚል ከሆነ ቀዳዳው 1.25 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። እኔ እዚህ ከተማ 120 አድርጌ እጀምራለሁ። ትንሽ አስነድቼ ካንዴላውን ፈትቼ አያለሁ። አሁንም ከጠቆረ ወደ 117.5 እወርዳለሁ። አፉ የተቆላ ቡና ቀለም ሲይዝ አቆማለሁ። ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ አዋሽ ወይ ወደ ድሬዳዋ የምትወርድ ከሆነ የድሮውን ጄት ይዘህ ሂድ። እዚያ አየር ይበዛል፤ ነዳጅ ካነሰው ሞተር ይግላል። ያንተ ዓይነት ሞተር ላይ ቀድሞ የሚጎዳው 3 ቁጥር ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቱ ቆሞ ንፋስ ይከለክለዋል።

ከዚያ ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚመጣበትን ጊዜ) አስተካክል። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳውን የኮንታክት ፖይንቱን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር አድርግ። ፑሊውን በእጅህ እያዞርክ፣ ጭረቱን የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከሚገጥሙበት መስመር ጋር አግጥመው። ላንተ ሞተር 7.5 ዲግሪ ቀደም የሚለው ጭረት ነው። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ሮተር ወደ 1 ቁጥር ካንዴላ ማየቱን አረጋግጥ። ባለ 12 ቮልት አምፖል ውሰድ። አንዱን ሽቦ ኮይሉ ላይ 1 የሚለው ቦታ፣ ሌላውን ሞተሩ አካል ላይ እሰር። ቁልፉን ክፈት። ዲስትሪቢዩተሩን አላላውና በሰዓት አቅጣጫ አዙረው፤ አምፖሉ ይጠፋል። አሁን ቀስ እያልክ መልሰው። ብርት ባለበት ቅጽበት እጅህን አቁምና እሰረው። ይኸው ነው። ይህን ሳታደርግ ኮምፒውተር ብትገጥም፣ መኪናዋ ስትሻሻል ኮምፒውተሩ ይሁን ታይሚንጉ ያሻሻላት አታውቅም።

ኢንጀክሽኑን በሚመለከት ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈራኛል። አንደኛው እሳት ነው። የቮልስ የራሷ ፓምፕ ነዳጁን የምትገፋው በጣም በትንሽ ግፊት ነው። ኢንጀክሽን 3 ባር አካባቢ ይፈልጋል። በአሮጌ ጎማ ቱቦ ላይ 3 ባር ብትለቅበት ነዳጁ የጋለ ሞተር ላይ ይረጫል። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ቢደፋበት ይብሳል። ቱቦው በሙሉ ለኢንጀክሽን የተሠራ መሆን አለበት፤ ትርፉ ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስበት መስመርም ያስፈልግሃል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ዲናሞህ 30 አምፔር ገደማ ነው የሚሰጠው፤ ሞተሩ ቀስ ሲል ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ማታ መብራት አብርተህ፣ ዝናብ መጥረጊያ ከፍተህ፣ ፓምፑም ኢንጀክተሩም ከጎተቱ ባትሪህ መንገድ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ ወደ ኦልተርኔተር መቀየር ይኖርብሃል።

ናቲ_ባክኤንድ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእሳቱን ነገር እንዲህ በግልጽ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የአምፖሏን ዘዴ ነገ ጠዋት ነው የምሞክራት። 1 ቁጥሩ ሽቦ ለምን እንደሚበራና እንደሚጠፋ አሁን በደንብ ገባኝ፤ ፖይንቱ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ወደ ግራውንድ ይሄዳል፣ ሲከፈት አምፖሉ ያገኘዋል።

አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም። አንዳንድ ወዳጆቼ ቮልስ ላይ ኤሌክትሮኒክስ መግጠም ራሱ ነውር ነው ይላሉ። እናንተስ?

ስኩዌርባክ_ቨርጂኒያ | አሜሪካ

ናቲ ወንድሜ፣ ለወዳጆችህ ታሪኩን ንገራቸው። እኔ የ1971 ስኩዌርባክ ነው የምነዳው፤ የቮልስ ታይፕ 3 ቤተሰብ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ የኢንጀክሽን ኮምፒውተር አላት፤ አሁንም በእሱ ነው የምትሄደው። እኛ ጋ 25 ዓመት ያለፈው መኪና የአንቲክ ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ እሷም ያን ለጥፋ ትዞራለች።

ነገሩ የጀመረው አሜሪካ ነው። ቤንዲክስ የሚባለው ኩባንያ በ1950ዎቹ ኤሌክትሮጀክተር የሚባል በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ኢንጀክሽን ሠራ። ክራይስለር በ1958 ሞዴሎቹ ጥቂቶቹ ላይ ገጠመው። የዘመኑ ኤሌክትሮኒክስ የሞተር ክፍሉን ሙቀትና ንዝረት አልቻለውም። አብዛኞቹ መኪኖች ተመልሰው ካርቡራተር ተገጠመላቸው። ሐሳቡ ግን አልሞተም። የቤንዲክስን የፈጠራ መብት ይዞ ቦሽ ቀጠለበት፤ በ1967 ዲ-ጄትሮኒክ ብሎ ለአሜሪካ ገበያ በሚሠሩት ታይፕ 3 ቮልሶች ላይ አወጣው። የገፋፋው እዚህ እየጠበቀ የመጣው የጭስ ሕግ ነው። በብዛት ተሠርቶ የተሳካለት የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ይህ ነው። መርሴዲስ አይደለም፣ ፖርሽ አይደለም፤ ቮልስ ናት።

ፕሮግራመሮች ይህን ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ማይክሮፕሮሰሰር፣ ኢንቴል 4004፣ የወጣው በ1971 ነው። ስለዚህ የእኔ ሣጥን ውስጥ ፕሮሰሰር የለም። ሶፍትዌርም የለም። ትራንዚስተር፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ ነው። ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ክፍት ይቆይ የሚለውን የሚያሰላው ካፓሲተር የሚሞላበትና የሚፈስበት ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ የዕቃዎቹ ዋጋ ራሱ ነው። ሬዚስተር ብትቀይር ኮድ ቀየርክ ማለት ነው።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚጠቅመው ደግሞ የግፊት ሴንሰሩ ነው። ውስጡ አየር የወጣላቸው ቀጫጭን የብረት ክፍሎች አሉ። ግፊት ሲቀንስ ይነፋሉ፣ ሲጨምር ይኮማተራሉ። እንቅስቃሴያቸው የአንድ ጥቅልል ሽቦ ውስጡን ብረት ይገፋዋል፤ ሣጥኑ ያንን አንብቦ ነዳጁን ያስተካክላል። ዳገት ስትወጣ ጄት መቀየር የለም።

ግን ክፉ ጎኑንም ልንገርህ። ሴንሰሩ ውስጥ ያለች ስስ የብረት ሽፋን በዕድሜ ትሰነጠቃለች። ያኔ ሞተሩ ነዳጅ ይጠግባል፣ ጭስ ያጨሳል። የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም፣ የሚነበብ የስህተት ኮድ የለም። የሚያውቀው መካኒክ ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ሥርዓቱን ነቅሎ ጥሎ ካርቡራተር ገጥሟል። ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አልነበረም። ሥርዓቱን ማንበብ የሚችል ሰው ስላጣ ነው የተጣለው።

የሐረር_404 | ሐረር

ይህ ክር ደስ ይላል። እኛ ከተማ ፔጆ 404ን ለረጅም ዓመት በታክሲነት ስናውቃት ኖረናል። እኔም አንድ አለችኝ፤ በፒኒንፋሪና የተሳለችው ሴዳን፣ 1618 ሲሲ። የእኔ ባለ ካርቡራተር ናት። ነገር ግን ፔጆ ይችኑ መኪና በ1960ዎቹ በኩገልፊሸር ሜካኒካል ኢንጀክሽንም ሠርቷታል።

ናቲ፣ ስፒዱዊኖ ውስጥ የነዳጅ ሠንጠረዥ አለ አይደል? በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላው የሞተሩ ጭነት፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ ቁጥር። 16 በ16 ነው መሰለኝ። ከኮምፒውተር በፊት ይህንኑ ሠንጠረዥ በብረት የቀረጹ ሰዎች ነበሩ። የ1971 ቢኤምደብሊው 2002 ቲአይአይ ላይ ያለውን የኩገልፊሸር ፓምፕ ፎቶ ፈልገህ እይ። ውስጡ ዙሪያውን ወጣ ገባ ያለ ሾጣጣ ብረት አለ። ነዳጅ ስትረግጥ ብረቱ ይሽከረከራል፤ የሞተሩ ፍጥነት ሲለወጥ ደግሞ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አንዲት ዘንግ ላዩ ላይ አርፋ ከፍታውን ትለካለች። ያ ከፍታ የነዳጁ መጠን ነው።

በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ዋጋ አንተ በስሌት ነው የምታወጣው። እዚያ ግን ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ በመካከል ያለው ሁሉ ተቀርጾ ተቀምጧል። ፋብሪካ ውስጥ ያንን ቅርጽ በእጁ ያወጣውን ባለሙያ ሳስብ እጅግ እገረማለሁ።

የኔ ምክር ግን አትግጠም ነው። ኮንታክት ፖይንት መንገድ ላይ ቢያስቸግርህ በጥፍር ሞረድ ታጸዳዋለህ፤ ክፍተቱን በወረቀት ትገምታለህ፤ ቤትህ ትገባለህ። የስፒዱዊኖ ቦርድ ላይ አንዲት ትራንዚስተር ብትቃጠል አሰቦት አካባቢ ማን ይደርስልሃል?

ሳምሪ_ሰርኪት

የሐረሩ ወንድማችን ባለው ግማሹን እስማማለሁ። ግማሹን አልስማማም።

መንገድ ላይ መጠገን መቻል ትልቅ ነገር ነው፤ ልክ ነህ። ግን የቮልስ ፖይንት በጥፍር ሞረድ የሚጸዳው ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው እንጂ ፖይንት በተፈጥሮው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ዕውቀቱ በየጋራዡ ስለተበተነ ነው። ክፍት ኮድ ያለው ቦርድም ሥዕሉ ታትሞ፣ ትርፍ ቦርዱ ጓንቲ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሽቦዎቹ በእነዚያው በ15 እና በ31 ቁጥሮች ከተሰየሙ የሚጠገን ነገር ነው። የተዘጋ ሣጥን ግን ባለቤቱ ምንም ቢማር አይከፍተውም። የቨርጂኒያው ወንድማችን ሥርዓቱ ስለምን እንደተጣለ ነግሮናል።

ስለዚህ ናቲ፣ እኔ ብሆን "ይግጠም ወይስ አይግጠም" ብዬ አልጠይቅም። "ነገ መነቀል ይችላል ወይ?" ብዬ ነው የምጠይቀው። ላሜራ ሳትበሳ፣ የቀድሞ ሽቦ ሳትቆርጥ፣ በአንድ ቀን ወደ ነበረበት መመለስ ከቻልክ ግጠም። ካልቻልክ ተወው።

አዲስ_ሾፌር | አዲስ አበባ

ክሩን እንዳላበላሽባችሁ በአጭሩ ልጠይቅ። እኔ ክላሲክ የለኝም። በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ለቻይና ገበያ የተሠራችውን ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው የገዛሁት። ፓይተን እየተማርኩ ነው። ከዚችኛዋ ቮልስ መረጃ ማንበብ እችላለሁ?

ሳምሪ_ሰርኪት

ትችላለህ፣ ግን በትዕግሥት። በመኪናህ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩት በዋናነት ካን በሚባል መስመር ነው። ቦሽ በ1986 ነው ለዓለም ያስተዋወቀው። ከመሪው በታች ያለው መሰኪያ ላይ በብሉቱዝ የሚሠራ ኢኤልኤም327 የሚባል ማንበቢያ ትሰካና በፓይተን ትጠይቀዋለህ።

አንድ ነገር እወቅ። በ1996 አሜሪካ የግዴታ ያደረገችው ኦቢዲ 2 (በዚያ መሰኪያ የመኪና ኮምፒውተር የሚጠየቅበት ስታንዳርድ) የተሠራው ለጭስ ቁጥጥር ነው። ጭስ የሌላት መኪና ለብዙዎቹ መደበኛ ጥያቄዎች መልስ የላትም። የባትሪውን ሙቀትና የየሴሉን ቮልቴጅ ለማግኘት የአምራቹን የራሱን ኮዶች ማወቅ አለብህ፤ እነሱን ሰዎች በልፋት ፈልፍለው ነው የሚያገኟቸው። ማንበብ ላይ ብቻ ቆይ፤ ወደ መኪናዋ ምንም አትጻፍ። ብርቱካናማ ኬብል ያለበትን ቦታ ደግሞ አትንካ። እዚያ ውስጥ ያለው ቮልቴጅ ሰው ይገድላል።

ካንዴላ_ጋራዥ

እኔ ጋራዥ እነዚህ አዳዲሶቹ ሲመጡ ብሎን ከመፍታቴ በፊት የሚጠየቀኝ "ኮምፒውተሩ ምን ይላል?" የሚል ነው። ልጆቼን ኮምፒውተር ተማሩ የምላቸው ለዚህ ነው። እናንተ ደግሞ ከዚያኛው ወገን ወደ ብረቱ መጥታችኋል። ደስ ይለኛል።

ቢኒ_ሎገር | አዳማ

ከክሩ ጋር ስለሚሄድ ልጠይቅ። እኔም ቮልስ አለችኝ። ጋሼ ያሉትን የ3 ቁጥር ሲሊንደር ሙቀት ልከታተል ብዬ ካንዴላው ሥር ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) ገጥሜያለሁ። የሚያነበው ማክስ6675 የሚባል ቺፕ ነው፣ አርዱዊኖ ላይ። ሞተሩ ሲግል ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ያነበበውን ይዞ ይቀራል። ሽቦውን ቀየርኩ፣ ቺፑንም ቀየርኩ፣ ያው ነው።

ሳምሪ_ሰርኪት

ቢኒ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ነው የምታነበው?

ቢኒ_ሎገር

ሉፑ ውስጥ ስላለ ያለ ምንም ማቆሚያ ነው፤ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይሆናል።

ሳምሪ_ሰርኪት

እሱ ነው። ማክስ6675 አንድ ልኬት ለመጨረስ እስከ 220 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አንተ ለማንበብ ሲኤስ የሚባለውን እግር ወደ ታች ባወረድክ ቁጥር የጀመረውን ልኬት ያቋርጠዋል። እሱ እየጀመረ አንተ እያቋረጥክ አንድም ልኬት አይጨርስም፤ ስለዚህ የድሮውን ቁጥር ይሰጥሃል። በየ250 ሚሊሰከንዱ አንብበው። ሲሊንደር ራስ በሩብ ሰከንድ ውስጥ የሚያስደነግጥ ሙቀት አይጨምርም። የቴርሞካፕሉን ሽቦ ደግሞ ከካንዴላ ሽቦዎቹ አርቀው፤ ብልጭታው ንባቡን ያዘልለዋል።

ቢኒ_ሎገር

ሠራ! ተባረኪ እህቴ። 3 ቁጥር ከ1 ቁጥር በግልጽ ይሞቃል። ጋሼ እንዳሉት ነው።

ናቲ_ባክኤንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት ታይሚንጉን በአምፖል አስተካክያለሁ። ብልጭታው ዘግይቶ ነበር የሚመጣው። አሁን ጭረቱ ላይ ነው። ዳገት ላይ የነበረው መታፈን በከፊል ቀንሷል፤ ካንዴላው ግን ገና ጥቁር ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ካርቡራተሯ ትቆያለች። 120 እና 117.5 ጄት ተክለሃይማኖት አካባቢ ካሉት መለዋወጫ ቤቶች እፈልጋለሁ፤ ካጣሁ የቨርጂኒያው ወንድሜ ሰው ሲመጣ እንዲልክልኝ እለምነዋለሁ። ሞተሯን የሚቆጣጠር ምንም ነገር አልገጥምም። የምገጥመው የሚያነብ ብቻ ነው፤ የጭስ ማውጫው ላይ የነዳጅና የአየር ጥምርታ የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር፣ ለከባቢ አየር ግፊት ቢኤምፒ280 የሚባል ሴንሰር፣ ለ3 ቁጥር ሲሊንደር እንደ ቢኒ ቴርሞካፕል። ሁሉም 15 ቁጥር ላይ በራሱ ፊውዝ ይታሰራል። ሽቦ አይቆረጥም፣ ላሜራ አይበሳም። ለሴንሰሩ የሚበየደው ማርሚታ ላይ ነው፤ የቀድሞው ማርሚታ ሳይነካ ይቀመጣል።

ስፒዱዊኖን አልተውኩትም። ጠረጴዛ ላይ ይሁን። የክራንክ ጥርስ ምልክት የሚያስመስል ሌላ አርዱዊኖ አዘጋጅቼ፣ ኢንጀክተር ሳይሆን ኤልኢዲ አስሬበት፣ ኮዱን መስመር በመስመር አነበዋለሁ። ደካማ ባትሪ ሲያዞረው ምን እንደሚሆን ሳምሪ ያለችውን ነገር እዚያ ላይ ማየት እፈልጋለሁ።

ጋሼ፣ ጄቱን ከቀየርኩ በኋላ ስንት ኪሎሜትር ነድቼ ነው ካንዴላውን የማየው?

ካንዴላ_ጋራዥ

ኪሎሜትር አይደለም ልጄ፣ አነዳድ ነው። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ረዘም ያለ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ረግጠህ ውጣ። ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍሪሲዮን ረግጠህ ወዲያው ቁልፉን ዝጋ፤ ከዚያ ዳር ይዘህ ቁም። ቀስ ብለህ እየነዳህ ከመጣህ በኋላ ብታየው የሚያሳይህ የቀስታውን ጥምርታ ነው፤ የዋናውን ጄት አይነግርህም።

ሳምሪ_ሰርኪት

ለመጀመሪያው ሎግህ (የሴንሰሮቹ መዝገብ) አንድ ሐሳብ ልስጥህ። ከእንጦጦ ተነስተህ አዳማ ድረስ ንዳ፣ ጄት ሳትቀይር። እንጦጦ 3,000 ሜትር አካባቢ ግፊቱ 70 ኪሎፓስካል ገደማ ይሆናል፤ አዳማ 1,700 አካባቢ ላይ 82 ወይ 83። ካርቡራተር ነዳጁን የሚቀንሰው በአየሩ ጥግግት ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ የአየር ሙቀትና የነዳጅ አረጋገጥ እንጦጦ ላይ ጥምርታው ከአዳማው ከ8 እስከ 9 በመቶ ነዳጅ በዝቶበት መገኘት አለበት። ሎግህ ይህን ካሳየ ካርቡራተርህ ጤነኛ ነው፤ የቀረው ጄት መምረጥ ብቻ ነው። ልዩነቱ ከዚህ በጣም ከራቀ ግን ተንሳፋፊውን፣ የነዳጁን ከፍታና ቾኩ እስከ መጨረሻው መከፈቱን እይ። ቁጥሮቹን እዚህ ለጥፍልን፤ ቢኒም አዳማ ላይ ስለሆነ በዚያው ቀን የእሱን ቢለካ ሁለት ሞተር እናወዳድራለን።

ቢኒ_ሎገር

እኔ ዝግጁ ነኝ። ናቲ፣ የዋይድባንዱን መቆጣጠሪያ ይዘህ ና። የእኔም ማርሚታ ላይ ለሴንሰሩ ቦታ አስበይድለታለሁ።